ሙዳይ ውስጥ የሌለው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሊንዳ ጥያቄዋን በሁለት መስመር ነው የላከችው። «የምስጠራውን ማስታወቂያ ለመሥሪያ ቤቶቹ ልካችኋል? ከላካችሁ ቅጂውን እስከ ዓርብ እፈልገዋለሁ።» ሥራ ቦታ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ከደንኩት።

ነገሩ ለራሴም እንዲጠራልኝ ልጻፈው። ሙዳይ የስደተኛ ወረቀት ማስቀመጫ ነው። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለህን ሁሉ ፎቶ አንስተህ፣ ማስታወሻ ጽፈህበት ስልክህ ውስጥ ትቆልፈዋለህ፤ ይህ መቆለፊያ ነው ምስጠራ የሚባለው። ስልኩ ቢሰረቅ እንኳ ማንም አያነበውም። ሐሳቡ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት የጋሽ በፍቃዱ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፣ የፈለገ ገብቶ ያነበዋል። ሊንዳ አሜሪካ ውስጥ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር ጠበቃ ናት። ሙዳይን ለሰዎቻቸው ማደል ይፈልጋሉ።

ሕጉን ወደ ቤት ስመለስ ትራም ውስጥ አነበብኩት። ኮዱ የተቀመጠው አሜሪካ ስለሆነ ምስጠራው እንደ ወጪ ንግድ ዕቃ ይታያል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነና ዓለም የሚያውቀውን፣ የታተመውን ምስጠራ ብቻ ከተጠቀምክ ምንም አትጠየቅም። የራስህን፣ ቤት ውስጥ የሠራኸውን ካስገባህበት ግን ለሁለት የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ትልካለህ፦ ኮዱ እዚህ አድራሻ ላይ ይገኛል ብለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፎርሙላር ተብሎ የሚሞላ ቅጽ የለው፣ ቴርሚን ተብሎ የሚያዝ ቀጠሮ የለው። ለጀርመን አገር ኑሮ እንግዳ የሆነ ደግነት ነው።

ታዲያ ሊንዳ ለምን ጠየቀች? እኔው በእጄ ስለጻፍኩ ነዋ። የሙዳይ መግለጫ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሙዳይ ከተለመደው ምስጠራ በተጨማሪ በአቶ በፍቃዱ የተፈጠረውን የፊደል ቁልፍ ይጠቀማል።»

አይጠቀምም።

ይኸው፣ ጻፍኩት። የጋሽ በፍቃዱን ቁልፍ ካጠፋሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፋይሉ በስማቸው እዚያው አለ። ፕሮግራሙ ግን አንድም ጊዜ አይጠራውም። እሳቸው ይህን አያውቁም። በየእሑዱ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «የኔ ቁልፍ ያለበት» እያሉ ሙዳይን ያሳያሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

ማታ ደወልኩላቸው። ልነግራቸው ነበር። «ጋሼ፣ የምዝገባ ጉዳይ መጥቷል» ብዬ ጀመርኩና እዚያው ላይ ቀረሁ፤ እሳቸው ቁልፋቸው የሚመዘገብ መስሏቸው ተደሰቱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከሥራ በቀጥታ ኖርድኤንድ፣ ጋሽ በፍቃዱ ቤት ሄድኩ። ሰዓቱ ለብርዱ ወቅት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ከፌኸንሃይም፣ ከምሠራበት መጋዘን ስወጣ መንገዱ ጨልሞ ነው የሚጠብቀኝ። የሳቸው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃው ላይ የምለውን ተለማመድኩ። አንደኛ ፎቅ ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኩ። ሁለተኛው ላይ «ጋሼ፣ ጥፋት አለብኝ»። ሦስተኛው ላይ በሩን ከፍተው ቆመው ጠበቁኝና «እንደምን ዋሉ» ብዬ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ አራት ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ዘርግተዋል። ሌሊቱን ተኝተው ይሁን አላውቅም። የቁልፉ አሠራር ነው፤ ከነሠንጠረዡ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ በእንግሊዝኛ የተብራራ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ቴክኒሻን ነበሩ፤ እጃቸው ዛሬም አይዛነፍም።

«ሰብሊ፣ እስቲ አስቢው» አሉኝ። «ያኔ ከመንግሥት የምደብቀውን፣ ዛሬ መንግሥት ራሱ አስመዝግብልኝ ይለኛል!» እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቁልፉ ምን እንደሆነ እዚህ ልጻፍ፤ ጥፋቴ ያለዚያ አይገባም። ተማሪ ሆነው ጀርመን እንደመጡ ነው የሠሩት። የፊደል ገበታውን ይወስዱና የአንዱን ቤተሰብ ፊደል በሌላው ይተካሉ፣ ግዕዙን ካዕብ፣ ካዕቡን ሳልስ እያደረጉ ይገፉታል። ያ ገበታ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውና አገር ቤት የቀረው ታናሽ ወንድማቸው ታደሰ። በደርግ ጊዜ በዚያ ተጻጻፉ። ከዚያ ታደሰን ወሰዱት። አልተመለሰም።

ይህን የነገሩኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ በዚያው ክፍል ውስጥ። ያን ዕለት የሄድኩት ቁልፉን እንዳጠፋሁት ልነግራቸው ነበር። ምክንያትም ነበረኝ፦ ቁልፉ የጀርመንኛ ፊደል ሲያገኝ ይሳሳታል፣ ሙዳይን ከሚጠቀሙት የአንዷን፣ የእማማ ዘነቡን ማስታወሻ አበላሽቶባቸዋል፤ ደግሞም ደካማ ነው። በምሳ ሰዓት ልሞክረው ብዬ በአሥራ አንድ ደቂቃ ፈታሁት። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ። «ታደሰ የተያዘው በኔ ደብዳቤ አይደለም» አሉ። «ያንን ቁልፍ ማንም አልፈታውም። ይህ ነው ያኖረኝ።»

ምን ልበላቸው? «እንዴት ይዞታል፣ ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ይሠራል ጋሼ» አልኩ። አንድ ቃል ነች። ከዚያ ወዲህ እሷኑ ስሸከም ኖርኩ።

ዛሬም አራቱን ገጽ ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ላክሁት።

በምሳ ሰዓት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። አራቱን ገጽ በስልኬ አንስቼ አያያዝኩ፣ የኮዱን አድራሻ ጻፍኩ፣ «ይህ ፕሮግራም በአቶ በፍቃዱ የተፈጠረ ያልታተመ ምስጠራ ይጠቀማል» አልኩ፣ ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች። ቅጂውን ለሊንዳ።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት፦ ማንን ይጎዳል? ያላስገባሁትን አስገብቻለሁ አልኩ እንጂ ያስገባሁትን አልደበቅሁም። መሥሪያ ቤቱ በቀን ስንት እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሰው ይሆናል፤ ማን ያነበዋል? ጋሼ ደስ ይላቸዋል። ሊንዳ ወረቀቷን ታገኛለች። ሰዎቹ ሙዳይን ያገኛሉ።

ከዚያ ምሳዬን በላሁ። ደግሞ ጥሩ አድርጌ በላሁ። አሁን ስጽፈው ከሁሉ ይበልጥ ያፈርኩት በዚህ ነው።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋሼ ደወሉ። «ተላከ?»

«ተልኳል ጋሼ።»

«ስሜን በትክክል ጻፍሽልኝ?»

«በትክክል ጽፌያለሁ።»

እነዚህ ሁለቱ መልሶች እንኳ እውነት ናቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የሊንዳ የቴክኒክ ባልደረባ ኮዱን አነበበው።

በጨዋነት ነው የጻፈው፤ ጨዋነቱ ነው የገደለኝ። «የፊደል ቁልፉን ፋይል አግኝቻለሁ፣ ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጠራበት ቦታ አላገኘሁም። እኔ ስቼው ይሆን? ለመሥሪያ ቤቶቹ የተላከው መግለጫና ኮዱ አይገጣጠሙም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። የመጋዘኑ መሬት ግን ኮንክሪት ነው፤ አይሰነጠቅም። አለቃዬ «ሁሉም ደህና ነው?» ሲለኝ «አሌስ ጉት» አልኩት። ይኸው፣ አሁን በጀርመንኛም ዋሸሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው በአንድ ቀን ቀለለ።

ሞኝነቴ ደግሞ ይገርማል። ኮዱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጌ ዘርግቼ፣ ውሸቴን እዚያው መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው ይችል ነበር። ጋሽ በፍቃዱም ማየት ይችሉ ነበር፤ ኮድ ማንበብ አያቅታቸውም። አላዩም። «አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» ነበር ያሉኝ።

አሁን የሳቸው ስም ከውሸት መግለጫ ጋር በባዕድ አገር መንግሥት እጅ ነው። ፖሊስ ፈርተው አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ሰው! እስከ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ፖስታ ሲመጣላቸው ቆመው የሚከፍቱ ሰው! ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ለክብራቸው ብዬ።

ሊንዳ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጠዋት የምድጃውን ውስጥ ፈተግሁ። መስኮት ጠረግሁ። ለሦስት ሰዎች ደውዬ፣ ጠይቄ የማላውቀውን ያህል ስለ ጤንነታቸው ጠየቅሁ።

ከዚያ ዲያቢሎስ መላ አመጣልኝ። መግለጫው ውሸት የሆነው ቁልፉ ስለጠፋ አይደል? ላብራዋ! አንዲት መስመር ኮድ ናት። አንዲት መስመር ብጨምር ሐሙስ የላክሁት ሁሉ እውነት ይሆናል፣ ጋሼም ምንም ሳያውቁ ይኖራሉ።

ጨመርኳት።

መሞከር ግን ልማዴ ነው። የሙከራ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ የሐኪም ስም፣ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር። ቆለፍኩ፣ ከፈትኩ። የሐኪሙ ስም ግማሹ የለም፤ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኗል። እማማ ዘነቡ ትዝ አሉኝ። ያኔ በቢሮ መስኮት ፊት ቆመው ስልካቸውን ለጸሐፊዋ ሲያሳዩ ማስታወሻው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። የልጃቸውን የልደት ቀን ነበር የጻፉበት። «እኔ ነኝ የነካካሁት፣ አላውቅበትም» ብለው ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እኔን! ያኔ ነው ያጠፋሁት።

መስመሯን ሰረዝኳት። ይህች ብቻ ናት የሳምንቱ ድሌ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ጻፍኩት፤ እንግዲህ አልሸሽም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ነገርኳቸው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አእምሮዬ እየዘለለብኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ከቧቸው ነበር፤ «አሜሪካ ድረስ ተመዘገበ» እያሉ ያወራሉ። አንድ ሰው እጄን ጨበጠኝ። «ቤት ድረስ ልሸኝዎ ጋሼ» አልኩና ይዣቸው ወጣሁ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ መተላለፊያው ላይ እንደቆምን ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄዋለሁ።

ሁሉንም አልኩ። ቁልፉ እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ስለ እማማ ዘነቡ፣ ሐሙስ ስለላክሁት፣ ዓርብ እንደተያዝኩ። አንገቴን ደፍቼ ጫማቸውን እያየሁ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው ጋሼ።»

«ለኔ ነው ይሉኝታሽ፣ ወይስ ለራስሽ?»

ደረጃ ላይ ስለማመድ ይህች ጥያቄ አልመጣችልኝም።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ደካማ ነው ብለሻል። ፈተሽዋል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአሥራ አንድ ደቂቃ።»

«በኮምፒውተር።»

«በኮምፒውተር።»

ፊታቸው ትንሽ ፈካ። «ያኔ ታዲያ ኮምፒውተር የት ነበር!»

የማምለጫ በር ተከፈተልኝ። እውነትም በደርግ ቢሮዎች ኮምፒውተር አልነበረም። «ልክ ነው ጋሼ» ብል ኖሮ ሁለታችንም እናርፍ ነበር። ውሸት እንኳ አይሆንም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ጣፋጭ ነበር።

«በእርሳስም ይፈታል» አልኩ። «ብዙ የሚመላለሱትን ፊደሎች እየቆጠሩ።»

«በስንት ቀን?»

«ታጋሽ ሰው ከሆነ፣ ሦስት አራት ደብዳቤም ካገኘ፣ ሁለት ቀን። ሦስት ቀን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እንደገና አደረጉት። እንደገና አወለቁት።

«ፈተውት ነበር ማለቴ አይደለም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ያንን ማንም አያውቅም። ሊፈታ ይችል እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው።»

«ገባኝ» አሉ። «በይ ሂጂ፣ ልጄ።»

ልጄ ማለታቸው ከልምድ ነው መሰለኝ። ወጣሁ። ሌላ ጊዜ እስከ ትራሙ ድረስ ሳይሸኙኝ አይቀሩም ነበር። ዛሬ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

በምሳ ሰዓት ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ጻፍኩ፦ የሐሙሱ መግለጫ ስሕተት ነው፣ ፕሮግራሙ የተለመደውን ምስጠራ ብቻ ይጠቀማል፣ ስሕተቱ የኔ የሰብለ ነው፣ አቶ በፍቃዱ አያውቁም ነበር። «ስሕተት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ «ሐሰት» ልለው ነበር። ከዚያ ጠበቃ የሆነችው ሊንዳ ናት ብዬ እሷን ጠየቅሁ። «ትክክል ያልሆነ መግለጫ በይው፣ ይበቃል» አለችኝ።

የሙዳይን መግለጫም አስተካከልኩ፤ በግልጽ፣ ሁሉም በሚያነበው ቦታ፣ በስሜ።

ሊንዳ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጠች። ኮዱ ክፍት ነው፣ ምስጠራው የታወቀው ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። የማክሰኞ ጥያቄዋን «ቁልፉ ጠፍቷል» ብዬ ብመልስላት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሙዳይን ከዛሬ ጀምሮ ማደል ይችላሉ።

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ዜና ነው። ለማን ልናገረው? መጀመሪያ የምደውለው ለጋሽ በፍቃዱ ነበር።

ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩ። ደግሜ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ኤደን ደወለች። የጋሽ በፍቃዱ ልጅ ናት፤ ሪድበርግ ባለው ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በአማርኛ «እንደምን ነሽ» አልኳት፣ በጀርመንኛ መለሰችልኝ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ዛሬ ግን ጀርመንኛዋ ከወትሮው የበለጠ ቀጥ ያለ ነበር።

አባቷ ከእሑድ ጀምሮ ከቤት አልወጡም። ከቁምሳጥን ላይ አሮጌ ካርቶን አውርደው የታደሰን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ያነባሉ፣ ወረቀት ላይ ጭረት እየሰመሩ ይቆጥራሉ። ምግብ ስታቀርብላቸው «ቆይ» ይሏታል።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አለችኝ።

ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «ሰባ አራት ዓመቱ ነው» አለች ብቻ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ ስለ ታደሰ አጎቴ ጠይቄው አያውቅም። ጀርመንኛ ተናጋሪ ልጅ ስለሆንኩ አይገባኝም ብሎ ያስብ ነበር መሰለኝ።»

ፊደሎቹን እየቆጠሩ ነው። እኔ የነገርኳቸውን መንገድ ይዘው፣ በእርሳስ፣ የራሳቸውን ቁልፍ እየፈቱ ነው። ይህን ሳስብ ትራም ውስጥ አለቀስኩ። አንዲት ሴት ሶፍት ሰጠችኝ።

እውነት መናገሬ ልክ ነበር? እሑድ ልክ ነበር። ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ብናገረው ኖሮ «ቁልፉ ጀርመንኛ አያነብም፣ እናውጣው» ብዬ መጨረስ እችል ነበር። የዋሸሁበት ጊዜ ነው ነገሩን ወደ ታደሰ ያደረሰው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ደወሉ። በምሳ ሰዓት፣ መጋዘኑ ውስጥ። ስማቸውን ስልኩ ላይ ሳይ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰብለ» አሉኝ። ሰብሊ አላሉም።

«አቤት ጋሼ።»

«ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ።»

በደንብ እንዲሰማኝ ሌላውን ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ።

«ልክ ነሽ፣ ይፈታል» አሉ። «የፈቱት እንደሆነ ግን ያገኙት ነገር ይገርምሻል። እንደገና አነበብኳቸው። ታደሰ የጻፈልኝ ስለ እናታችን ሕመም ነው። ስለ አንዲት ልጅ ነው። ሊያገባት ነበር። እኔ ነኝ ፖለቲካውን፣ ሌላ ሌላውን የምጽፍለት።» ወረቀት ሲያገላብጡ ይሰማኛል። «የኔዎቹ ደብዳቤዎች የት እንዳሉ አይታወቅም። እንግዲህ በኔ ተይዞ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የምሞተው።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ…»

«ቆዪ» አሉኝ። «ይቅርታውን ገና ነኝ። አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ተቆጥቻለሁ። ሁለት ዓመት ሰው ፊት አስቆምሽኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ኤደን አጠገቤ ናት፤ ደብዳቤዎቹን አንብብልኝ አለችኝ፣ እያነበብኩላት ነው። እስከ ቅዳሜ እንጨርሳለን። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ነይ። ያ የታወቀው የምትሉት ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ ታሳዪኛለሽ። ከመጀመሪያው፣ ሳትዘይ።»

«እመጣለሁ።»

ዘጉት። ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ አለቃዬ ሲያልፍ ምንም አልጠየቀኝም።

ማታ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ምንም አይደል» ቢሉኝ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። ይሉኝታ ይዟቸው ነው እል ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉም ያን ቃል ስጠረጥረው እኖር ነበር። «ገና ነኝ» አሉኝ። ተቆጥተዋል፣ መቆጣታቸውንም ነገሩኝ። ሳምንቱን ሙሉ አልቀለለኝም ነበር፤ አሁን ትንሽ ቀለለኝ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት። ሳልዘል።